የቢቲኤስ የ2012ቱ የዓለም ቱር እና ኮሮና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣና ዳር ስንቀመጥ አዳዲሶቹ አርሚዎች (የቢቲኤስ አድናቂዎች) ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ ሁሉ ሰው የሚቆጭለት ቱር ምን ነበር?

«ማፕ ኦፍ ዘ ሶል ቱር» ይባላል። የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ቡድን የቢቲኤስ ሰባቱ ልጆች በ2012 ሊያደርጉት የነበረ የዓለም ዙር ኮንሰርት ነው። ስማቸውን ለማታውቁ፦ አርኤም፣ ጂን፣ ሹጋ፣ ጄ-ሆፕ፣ ጂሚን፣ ቪ እና ጃንግኩክ። የካቲት 13 ቀን 2012 «ማፕ ኦፍ ዘ ሶል፦ 7» የሚለው አልበማቸው ወጣ፤ ቱሩም በዚያ አልበም ላይ የተሠራ ነበር። ሰባት ሆነው ሰባት ዓመት አብረው መቆየታቸውን ነው ቁጥሩ የሚያነሳው።

መነሻው ሴኡል ነበር። ሚያዝያ 3፣ 4፣ 10 እና 11 በጃምሲል ኦሎምፒክ ስታዲየም አራት ምሽት ተይዞ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ ጃፓን፣ ወደ አውሮፓ ይቀጥላል። አልበሙ በወጣ በሳምንቱ የሴኡሉ ተሰረዘ።

አፍሪካ ነበረችበት?

አልነበረችም። በወጣው ዝርዝር ውስጥ ሎስ አንጀለስ፣ ቺካጎ፣ ቶሮንቶ፣ ኦሳካ፣ ቶኪዮ፣ ለንደን፣ ሮተርዳም፣ በርሊን፣ ባርሴሎና አሉ። ከአህጉራችን አንድም ከተማ የለም። ለእኛ ቅርብ የነበረው ኮንሰርታቸው ከዚያ በፊት መስከረም 30 ቀን 2012 ሪያድ፣ ንጉሥ ፋህድ ስታዲየም ያደረጉት ነው። ከባሕር ዳር ሲታሰብ ቀይ ባሕርን መሻገር ብቻ ነበር። ለእኛ ግን ያም ሩቅ ነበር።

ስለዚህ «እናንተ ምን ቀረባችሁ?» ለሚሉን መልስ አለኝ። ትኬት አልቀረብንም። የቀረብን በየሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ ከተማ አዲስ ቪዲዮ እየጠበቁ ማደር ነው። ሩቅ ያለ አድናቂ ቱርን የሚኖረው እንደዚያ ነው።

በትክክል የተሰረዘው መቼ ነው? አንዱ የካቲት ይላል፣ ሌላው ነሐሴ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። በአንድ ቀን አልሞተም። የካቲት 20 ቀን 2012 የሴኡሉ አራት ምሽት ተሰረዘ። መጋቢት 17 የሰሜን አሜሪካው ተራዘመ። ሚያዝያ 20 ደግሞ የቱሩ መርሐ ግብር በሙሉ ቆመ፤ አዲስ ቀን ይወጣል ተባለ። አዲስ ቀን ግን አልወጣም። ከአንድ ዓመት በላይ ከጠበቅን በኋላ በነሐሴ 2013 አጋማሽ የሚያስተዳድራቸው ኩባንያ ቱሩ ጨርሶ መሰረዙን ተናገረ።

ተሰረዘ፣ ተራዘመ፣ ቆመ፣ ከዚያ እንደገና ተሰረዘ። ሰው የሚምታታበት ለዚህ ነው።

ለምን ቀድመው አልሰረዙትም? አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ማጉላላት ምን ይሉታል?

እኔም ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ላይ ግን በራሳችን ሰፈር ነገር ገባኝ። የዚያን ዓመት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ነበረባት። ኮሮና መጣና «ለሁለት ወር እናራዝመው» ተባለ። በቃላት ቀላል ነው። ግን አዳራሹ በዚያ ቀን ለሌላ ተይዟል። አዳራሹ ሲገኝ ባንዱ የለም። ባንዱ ሲገኝ ወጥ ሠሪዋ ሌላ ሰርግ ይዛለች። ሁሉም ተገኝቶ ሲያበቃ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ወንድሟ በረራ የለውም። ሁለት ጊዜ ካራዘሙ በኋላ ቤት ውስጥ በጥቂት ሰው ተጋባች።

አሁን ያንን በአራት የዓለም ክፍል አባዙት። ስታዲየሞቹ የእግር ኳስና የቤዝቦል ቀን አላቸው። መድረኩ ተፈታቶ ከአገር አገር ይጫናል። ሠራተኛው ቪዛ ይፈልጋል። ያኔ ደግሞ ሲገባም ሲወጣም የሁለት ሳምንት ኳራንቲን ነበር። አንዱ አገር ሲከፍት ሌላው ይዘጋል። ኩባንያው የሴኡሉን ሲሰርዝ የሰጠው ምክንያትም ይኸው ነበር፦ በሚያዝያ በሽታው የት እንደሚደርስ መገመት አልተቻለም፤ የሠራተኛና የዕቃ ድንበር ማቋረጥም አላስተማመነም። በዚያ ጊዜ ደቡብ ኮሪያ፣ በተለይ የቴጉ ከተማ፣ በወረርሽኙ ክፉኛ ተመትታ ነበር።

«ተራዘመ» እና «ተሰረዘ» በገንዘብም ይለያያሉ። ሲራዘም የተሸጠው ትኬት እንዳለ ይቆያል። ሲሰረዝ ሁሉም ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ለዚህ ነው አዘጋጆች ተስፋ እስካለ ድረስ «ተራዘመ» የምትለውን ቃል የማይለቁት። በዚያ ዓመት ይህን ያደረገ ቢቲኤስ ብቻ አልነበረም።

የትኬቱ ገንዘብስ ምን ሆነ?

የሴኡሉ ተመለሰ። ለአራቱ ምሽት ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይጠበቅ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ሁሌ ስናገረው ደስ ይለኛል። ሹጋ የቴጉ ልጅ ነው። ኮንሰርቱ ከመሰረዙ በዋዜማው ለወረርሽኙ መከላከያ 100 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ለገሰ። ይህን ያዩ አድናቂዎች የተመለሰላቸውን የትኬት ገንዘብ እየወሰዱ ለዚያው የእርዳታ ድርጅት መስጠት ጀመሩ። በጥቂት ቀን ውስጥ የተሰበሰበው ከ400 ሚሊዮን ዎን አለፈ።

ማንም አላዘዛቸውም። ለወራት አጠራቅመው የገዙት ትኬት ነው። ኮንሰርቱ ቀርቶባቸው፣ ገንዘቡ እጃቸው ገብቶ፣ «ለእኔ ይሁን» ያላሉ ሰዎች ናቸው። አርሚ ነኝ ስል የምኮራው በዚህ ነው።

ያኔ ባሕር ዳር ምን ትመስል ነበር? ዘፈን የሚታይበት ጊዜ ነበር እንዴ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳርም ተገኘ ተባለ። ከተማዋ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተገደበባት። ባጃጅ የማይጠፋበት መንገድ ጭር አለ። በዘንባባው ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም። ዓሣ ጥብሱም፣ ጀልባውም ቆመ። በየበሩ ውኃ የያዘ ጀሪካንና ሳሙና ተንጠለጠለ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

በዚያ መሃል ቢቲኤስ «ባንግ ባንግ ኮን» ብለው የድሮ ኮንሰርቶቻቸውን በዩቲዩብ በነፃ ሊያሳዩ መሆኑ ተሰማ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፦ ሚያዝያ 10 እና 11። ሴኡል ላይ ሊዘፍኑ የነበረባቸው ሁለቱ ቀኖች ናቸው። ለእኛ ደግሞ ቀዳም ስዑር እና ፋሲካ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ጀመረ። እማዬ በአክፍሎት ላይ ናት። በዚያ ቀን በእኛ ቤት ዘፈን አይታሰብም። እኔና ታናሽ እህቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ድምፁን ዘግተን አየን። ከንፈራቸውን እያየን የቱ ዘፈን እንደሆነ እንገምታለን። እሷ ቀድማ ታውቃለች፤ ሁሌም።

እሑድ ሌላ ነበር። ቤተክርስቲያን ተኪዶ አላደረም፤ ቤታችሁ ሆናችሁ ጸልዩ ተብሎ ነበር። ሌሊት በቤት ጸልየን ጾሙን ፈታን። ጠዋት 12 ሰዓት ሲል ዶሮ ወጡ ገና እንደሞቀ ነው። ስልኩን ከድፎ ዳቦው ላይ አስደግፈን ድምፁን ለቀቅነው። በዚያን ቀን የአድናቂዎቹ የእጅ መብራት፣ አርሚ ቦም የሚባለው፣ በየሰው ቤት በስልክ እየተገናኘ ከዘፈኑ ጋር ቀለም ይቀያይር ነበር። እኛ ዘንድ የለም። እህቴ የእማዬን ባትሪ አንስታ እያበራች እያጠፋች ታወዛውዛለች። እማዬ ዝም ብላ አየቻትና «ከየት አገር ናቸው?» አለች። ኮሪያ አልናት። «አያትሽ የሚያወራላቸው ኮሪያ?» አለች። ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ኮሪያ መሆኑ ነው። ከዚያ እሷም እጇን እየላሰች ትንሽ አየች።

በሁለቱ ቀን ያ ስርጭት ከ50 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። በአንድ ሰዓት እኩል ያዩት እስከ 2.24 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ከእነዚህ አንዷ ስልክ ድፎ ዳቦ ላይ ተደግፋ ነበር።

የኮሪያን ሰዓት ወደ እኛ እንዴት ነው የምትቀይሩት? ሁሌ ያመልጠኛል።

ይሄ ቀላሉ ጥያቄ ነው። ቁጥሩን አትቀይሩ። ኮሪያ ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲደመሩ 12 ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ተመልሶ ያው ነው። ኮሪያ ከምሽቱ 6 ሰዓት ካሉ ለእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን 12 ካሉ ለእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። የእነሱ ከሰዓት በኋላና ምሽት የእኛ ቀን ነው። የእነሱ ከሌሊት እስከ ረፋድ የእኛ ሌሊት ነው።

ክፍያ ያላቸውን ኦንላይን ኮንሰርቶች ከዚህ ሆኖ ማየት ይቻል ነበር?

ይቻል ነበር፤ ግን ይደክማል። ሁለት ትልልቅ ነበሩ። የመጀመሪያው «ባንግ ባንግ ኮን፦ ዘ ላይቭ» ሰኔ 7 ቀን 2012 ነው። ከ107 አገርና ግዛት ከ756 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ አየው፤ በጊነስም ተመዘገበ። ሁለተኛው «ማፕ ኦፍ ዘ ሶል ዋን» (ON:E) መስከረም 30 ቀን 2013 እና በማግስቱ ጥቅምት 1 የቀረበው ነው። ይሄኛው መጀመሪያ በአካልም ሰው ሊገባበት ታስቦ ነበር። ኮሪያ ውስጥ በሽታው እንደገና ሲያገረሽ በአካል የነበረው ቀረ። ከ191 አገርና ግዛት 993 ሺህ ያህል ሰው ገዝቶ አየው።

ከባሕር ዳር ችግሩ ክፍያው ነበር። ያኔ የእኛ የባንክ ካርድ በዶላር አይከፍልም ነበር። እኔ የሰኔውን ያየሁት ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከፍላልኝ ነው። ቀጥሎ ኔትወርኩ ነበር። ሰኔ ደግሞ ክረምቱ የሚገባበት ነው። ገና ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከጣና በኩል ዝናቡ መጣ፤ መብራት ሄደ። ዋይፋይ ጠፋ። ወደ ዳታ ቀየርኩ፤ የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩ። የጂን ፊት አራት ካሬ ሆኖ ነው ያየሁት። ድምፁ ግን አልተቆረጠም። ይበቃኝ ነበር።

ኮሮና ባይመጣ «ዳይናማይት» አይወጣም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ራሳቸው ዘፈኑ በእቅድ ያልነበረ መሆኑን ተናግረዋል። ቱሩ ሲቆም እጃቸው ባዶ ሆነ፤ ሰው ተጨንቋል፤ ቀለል ያለ፣ የሚያነቃ ነገር እንስጥ አሉ። ነሐሴ 15 ቀን 2012 ወጣ። በአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ ሆት 100፣ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ለኮሪያ ዘፋኝ የመጀመሪያው ነበር። በኅዳር 2013 ደግሞ «ቢ» የሚለው አልበም ተከተለ። እሱም ከዚያ ቤት የመቀመጥ ጊዜ የተወለደ ነው።

ግን «ስለዚህ ኮሮና ጠቀማቸው» የሚል ድምዳሜ ስሰማ አልቀበልም። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ ግሩም መጽሐፍ ቢያነብ ስብራቱን አናመሰግንም። ቱሩ ተካሂዶ ምን ይፈጥር እንደነበር ማንም አያውቅም። ያላየነውን ካየነው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ሰባቱም ኮሮና ይዟቸው ነበር?

አዎ፤ ሰባቱም። ከታህሳስ እስከ መጋቢት 2014 ባለው ጊዜ፣ በተለያየ ቀን። ሁሉም ድነዋል።

ሴኡል ላይ ተመልካቹ እንዳይጮህ ተከልክሎ ነበር የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። መጋቢት 1፣ 3 እና 4 ቀን 2014 በዚያው በጃምሲል ስታዲየም ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሰረዘባቸው ቦታ ነው። በቀን 15 ሺህ ሰው ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ ያም በወረርሽኙ ጊዜ ኮሪያ ውስጥ ከተፈቀዱት ኮንሰርቶች ትልቁ ነበር። መጮህ፣ አብሮ መዝፈን፣ ከመቀመጫ መነሳት አይቻልም። ለሁሉም የወረቀት ማጨብጨቢያ ታደለ።

ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። ዘፈኑ ያልቅና ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። አሥራ አምስት ሺህ ሰው ወረቀት ሲያጨበጭብ ነው። እኔ ከሁሉም ጩኸት ይልቅ ያ ድምፅ ያስለቅሰኛል።

ታዲያ በኋላ ሌላ ቱር አደረጉ አይደል? ለምን ነው አሁንም የምትቆጩት?

ኮንሰርት አደረጉ። በኅዳር 2014 ሎስ አንጀለስ አራት ምሽት፣ ከዚያ ሴኡል፣ በሚያዝያ ላስ ቬጋስ። የሎስ አንጀለሱ ብቻ 214 ሺህ ትኬት ተሽጧል፤ በ2012 ትኬት ገዝተው ለነበሩ የሰሜን አሜሪካ አድናቂዎችም በሽያጩ ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። ግን እነዚህ ሁለት ሦስት ከተሞች ናቸው። ለንደን፣ በርሊን፣ ኦሳካ፣ ቶሮንቶ የጠበቀ ሰው አላገኘም።

ዋናው ነገር ግን ውትድርናው ነው። በኮሪያ ሕግ ጤነኛ ወንድ በጠቅላላው ለተወሰነ ጊዜ ወታደር ሆኖ ያገለግላል። በ2013 ሕጉ ተሻሽሎ እንደነሱ ያሉ በባህል የተሸለሙ አርቲስቶች እስከ 30 ዓመታቸው እንዲያዘገዩ ተፈቀደ። ትልቁ ጂን ነው። 30 ዓመት ሲሞላው፣ ታህሳስ 4 ቀን 2015፣ ገባ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉ። የመጨረሻው ሹጋ ሰኔ 14 ቀን 2017 ጨረሰ።

አሁን ቁጠሩት። ከየካቲት 2012 እስከ ታህሳስ 2015 ሦስት ዓመት አይሞላም። ሰባቱ አንድ ላይ ሆነው ዓለምን የሚዞሩበት የቀራቸው ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ኮሮና የበላው ከዚያ ላይ ነው። ቱሩ ሌላ ጊዜ ይሁን ሲባል «ሌላ ጊዜ» የሚባል ነገር በእጃቸው አልነበረም። በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሊያደርጉት የነበረውን ነው አብዛኞቹ በሠላሳዎቹ የሚመለሱበት። ሐዘኔ ይሄ ነው፤ የማይመለስ ነገር ስለሆነ አላፍርበትም።

ከውትድርና በኋላ ይደረጋል የተባለው የዓለም ቱር የዚያ ቀጣይ ነው?

አይደለም። ሰኔ 24 ቀን 2017 ሰባቱም አብረው ቀርበው አዲስ አልበምና የዓለም ቱር በ2026 እ.ኤ.አ. ጸደይ እንደሚመጣ ተናገሩ። የእነሱ ጸደይ ማለት በእኛ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ ከአደይ አበባችን ጋር አታምታቱት። አዲስ አልበም፣ አዲስ ቱር ነው። የድሮው ትኬት ለዚህ አያገለግልም።

«ያንን ቱር ያየ ሰው በዓለም ላይ የለም» ይባላል። ልክ ነው?

ቱሩን፣ አዎ፣ ማንም አላየውም። አንድ ምሽት እንኳ አልተካሄደም። ዘፈኖቹን ግን እንደዚያ ማለት አይቻልም። የዚያ አልበም ዋና ዘፈን «ኦን» ነው። ከበሮና ጥሩምባ የያዘ የሰልፍ ባንድ ያለበት፣ ለስታዲየም የተሠራ ዘፈን ነው። ከወጣ በኋላ ሃያ አንድ ወር ያህል ሙሉ ስታዲየም ፊት ሳይዘፈን ቆየ። ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ኅዳር 18 ቀን 2014፣ ኮንሰርቱን የከፈቱት በእሱ ነው።

ያ ኅዳር እዚህ የጦርነት ወሬ የበዛበት ነበር። ዘፈን የሚከፍት ሰው አልነበረም። ቪዲዮው የደረሰን ዘግይቶ ነው። እህቴ ሥራ ቦታዬ ድረስ ስልኳን ይዛ መጣች። በጆሮ ማዳመጫ አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ አድርገን በረንዳው ላይ ቆመን አየን። ከበሮው ሲጀምር የሕዝቡ ጩኸት ድምፁን ዋጠው፤ የሚዘፍኑት አይሰማም። እህቴ ወደ መጀመሪያው መለሰችውና እንደገና ከፈተችው።